የየካቲትና የመጋቢት የግቢያችን ሳር ዕቅድ፣ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ እሁድ ይገባል። የተስማማነው፦ ውሃ በሳምንት ሁለቴ፣ ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት። በየቀኑ መርጨት ቀርቷል። ሥሩ ላይ ላዩን ይቀርና ፈረቃው አንድ ቀን ሲዘል ክው ይላል።

ቤት 9፦ ስንት ውሃ? አምና "በደንብ" ብላችሁ ጻፋችሁ፣ ዘበኛው ግማሹን ለአዌቱ ወንዝ ላከው።

ቤት 4፦ ባዶ የድልህ ጣሳ ሳሩ ላይ አስቀምጡ። በሳምንት ተደምሮ 2.5 ሴንቲ ሜትር ከያዘ ይበቃል። ረግጣችሁት ቶሎ ካልተነሳ ደግሞ ጠምቶታል። የአጨዳውን ቁመት ለዩት። ሜዳው ላይ ያለው ሰርዶ ነው፣ 3 ሴንቲ ሜትር። አጥሩ ሥር ኪኩዩ፣ 5። ሁለቱም ሙቀት ይችላሉ። ኪኩዩማ ስሙ የኬንያ ሆነ እንጂ የእኛም ደጋ ሳር ነው። የሚያስቸግረው መግቢያው ላይ የተዘራው የፈረንጁ ፌስኪዩ ነው፣ ብርድ ለምዷል። ከ8 በታች እንዳይታጨድ። በዚህ ሙቀት ዩሪያም አይነካው። የትኛውም ቢሆን በአንዴ ከሲሶው በላይ አይቆረጥ።

ቤት 11፦ የታጨደው የማን ነው?

ጸሐፊ፦ የማንም። እዚያው ይቀራል።

ቤት 11፦ ላም ያለው ሰው እያለ?

ቤት 4፦ ደቃቁ ሳር መሬቱን ከፀሐይ ይሸፍናል። ሲበሰብስ ማዳበሪያ ይሆናል።

ቤት 2፦ ማዳበሪያስ አይተናል። ለመስቀል ሦስት ማዳበሪያ ሙሉ በጓሮ በር ሲወጣ።

ቤት 11፦ ደፍረህ ስሜን ጥራ! አንተ ቤት ረከቦት ሥር የሚጎዘጎዘው ሰርዶ ከመርካቶ ነው የመጣው?

ቤት 2፦ እሱ እፍኝ ነው።

ቤት 9፦ እፍኝ እፍኝ እያላችሁ ነው መግቢያው የተላጨው።

ገንዘብ ያዥ፦ ይሸጥ። ገቢው ለሮቶ መግዣ ይሁን።

ቤት 11፦ ያዋጣሁበትን ሳር መልሼ ልግዛ? የዚህ ወር መዋጮ የለም!

ቤት 2፦ ያለፈውስ መቼ ተከፈለ?

ገንዘብ ያዥ፦ እሱን ለብቻ እናወራለን።

ቤት 6፦ ተዉ ልጆቼ። ለሳር ትጣላላችሁ? ለበዓል ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይጨድ፣ ሌላ ጊዜ እዚያው ይቅር።

ቤት 11፦ በእርስዎ አይደለም ጋሼ። ተናድጄ ነው።

ቤት 2፦ እኔም አብዝቼዋለሁ ጋሼ። ግን የጓሮው በር ቁልፍ ማን ጋ ነው?

ቤት 9፦ ቁልፍ የለውም። በሩም በር አይደለም፣ ቆርቆሮ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው በር ይሠራ። ፈረንጅ አራዳ ሰፈር የማውቀው በያጅ አለ።

ቤት 4፦ የውሃ ጎማውስ? ቤት 13 እኔ እገዛለሁ ብሎ ነበር።

ጸሐፊ፦ ደወልኩ። አያነሳም።

ቤት 9፦ ማጨጃውን አስላለሁ ያለውም እሱ ነው።

ጸሐፊ፦ እንዲህ ጽፌዋለሁ፦ የጓሮ በር ከነቁልፉ፣ ቁልፉ ቤት 6 ዘንድ። መግቢያው ላይ ፌስኪዩው ተነቅሎ ኮብል ይነጠፋል። ሮቶው ለከርሞ። የውሃው ሰዓት በአባሪ።

ቤት 4፦ ኮብል? ማነው ኮብል ያለው?

ገንዘብ ያዥ፦ ኮብል ውሃ አይጠጣም።

ቤት 4፦ የአጨዳው ቁመትስ?

ጸሐፊ፦ አባሪ አልኩ እኮ።

ቤት 11፦ የበሩ ስፋት ስንት ነው? ላም ያሳልፋል?