የአክስቴ ልጅ ተደፍራለች፣ ምን ላድርግላት?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ነው ያለሁት። የአክስቴ ልጅ አብራኝ ትኖራለች፣ 23 ዓመቷ ነው። ረቡዕ ማታ አንድ የሥራ ባልደረባዋ አስገድዶ ደፈራት። የነገረችኝ ዛሬ አርብ ጠዋት ነው። ትናንት ቀኑን ሙሉ ሻወር ቤት ስትገባ ስትወጣ ነበር። አሞኛል ስትለኝ ጉንፋን መስሎኝ ዝንጅብል አፈላሁላት። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት «ሰው ያየኛል» ትላለች። ለእናቷ እንዳልናገር አስምላኛለች። ቀሚሷንም ዘፍዝፋዋለች። ማስረጃው ጠፋ ማለት ነው?

ሲስተር፦ የኔ እህት፣ የማስረጃውን ነገር ለጊዜው ተዪው። የሚቸኩለው መድኃኒቱ ነው። ኤችአይቪ እንዳይዛት የሚሰጠው፣ ፔፕ የሚባለው፣ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ከረቡዕ ማታ ስትቆጥሪ ነገ ማታ ያበቃል። በዘገየ ቁጥር ግን ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ዛሬውኑ ሂዱ። ከዚያ 28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ያቅለሸልሻል፣ ብዙዎች መሃል ላይ የሚተዉት ለዚህ ነው። እዚያ ላይ ታስፈልጊያታለሽ። እርግዝና እንዳይፈጠር ፖስት ፒል የሚባል ክኒን አለ፣ እሱም ቶሎ ሲሆን ነው የሚሠራው።

ጋንዲ ሆስፒታል የአንድ ማዕከል አገልግሎት የሚባል አለ። ለዚሁ ጉዳይ የተቋቋመ ነው። ሕክምናውም፣ የሥነ ልቦና ምክሩም፣ ፖሊሱም እዚያው ስለሆነ ታሪኳን በየቢሮው እየዞረች አትደግምም። ታጥባለች ብላችሁ አትቅሩ። ያልታጠበ ልብስ ካለ በወረቀት ጠቅልላችሁ ያዙ። ፌስታል ውስጥ ይሻግታል።

የሰፈር ሰው፦ ልጄ፣ የልጅቷ ስም ከሚጠፋ በሽማግሌ ቢያልቅ አይሻልም? ፍርድ ቤት መመላለስ ለማንም አልጠቀመ።

የሕግ ተማሪ፦ ጋሼ፣ በአክብሮት፣ ይሄ የድንበር ጠብ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው ይላል። የሚያፍረው ደፋሪው ይሁን። ጠያቂ፣ የሆነውን በራሷ አነጋገር፣ ከነሰዓቱ ብትጽፈው በኋላ ይረዳታል። ካልፈለገች አታስገድጃት። ወንድም ካላትም እሷ ሳትፈቅድ እንዳይሰማ። ሰውዬውን ደብድቦ እሱ ይታሰርና ሌላ ጣጣ ይመጣል።

ስሜን የማልጠቅስ፦ እኔም ደርሶብኛል። «ለምን አብረሽው ሄድሽ?» ያሉኝን ሰዎች እስከዛሬ አልረሳኋቸውም። እህቴ ግን ምንም ሳትጠይቅ ፍራሿን ጎትታ አልጋዬ ሥር ተኛች። መብራቱ ሳይጠፋ ስንት ሌሊት አደርን! «አምንሻለሁ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም» በያት፣ ከዚያ ዝም በይ። ሳታስፈቅጃት አትቀፊያት፣ እኔ ሰው ሲነካኝ እደነግጥ ነበር። ትንሽ ትንሹን ራሷ ትምረጥ። በታክሲ ወይስ በራይድ፣ ሴት ሐኪም ትፈልግ እንደሆነ፣ አንቺ ክፍሉ ውስጥ ትግቢ ወይስ ውጭ ትጠብቂ። ያን ማታ ምርጫዋን ነው የቀማት።

ጠያቂ፦ ሄድን! «ፖሊስ ጋ ባልሄድም መድኃኒቱን ብቻ ልውሰድ» ስትል ነው የተነሳችው። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ገባች። የመጀመሪያውን ክኒን እዚያው ዋጠች። ለክሱ ገና አልወሰነችም፣ እኔም አልጨቀጨቅኋትም። ማታ 3 ሰዓት ላይ እንዲጮህ ስልኳ ላይ አላርም ሞላን። አሁን ተኝታለች፣ መብራቱ በርቷል። ሲስተር፣ ቀሚሱ ባልዲው ውስጥ ነው። ልጣለው?

ሲስተር፦ ጎበዝ። አትጣይው፣ ከታጠበም ልብስ የሚገኝ ነገር አለ። ሳታሺው አውጥተሽ ጥላ ላይ አድርቂውና በወረቀት ጠቅልዪው። እሷ የማታየው ቦታ አስቀምጪው።