ልጄ እጅ ላይ እሾሃም ፍሬ አገኘሁ፤ አበባው ነጭ ጡሩምባ ነው፣ ቶሎ መልሱልኝ!

የሰሚት እናት፦ እባካችሁ! ከጎመኑ መደብ ዳር በራሱ የበቀለ ነው፤ አበባው ስለሚያምር ሳልነቅለው ተውኩት። አሁን የሦስት ዓመት ልጄ እሾሃሙን ፍሬ ፈልፍሎ ጥቋቁር ዘር ይዞ አገኘሁት። መርዝ ነው? ምን ረጭቼ ላጥፋው?

የጎጃሙ፦ ጉሎ ነው እህቴ።

ጋሽ አትክልተኛ፦ ጉሎ አይደለም። የጉሎ ቅጠል እንደ መዳፍ ጣት ያወጣ ነው፤ ፍሬው በዘለላ፣ ዘሩም መዥገር የሚመስል ዥንጉርጉር። እሱም ቢሆን ይገድላል። ያንቺ አስተናግር ነው፤ ዕፀ ፋሪስም ይሉታል። አስተናግር የተባለው የበላውን ሰው ስለሚያስቀባጥረው ነው። ከሥሩ እስከ አበባው መርዝ ነው፣ ዘሩ ደግሞ ይብሳል። በ2019 እ.ኤ.አ. ኡጋንዳ፣ ካራሞጃ ውስጥ ከእርዳታ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ሰው ሞቶበታል።

ሲስተር፦ የተክሉ ነገር ይቆየን! ልጁ ውጧል ወይስ አልዋጠም? አልጻፍሽውም እኮ። አፉ ደርቋል? ፊቱ ቀልቶ ሰውነቱ ግሏል? የዓይኑ ብሌን ሰፍቷል? ምልክት እስኪታይ አትጠብቂ። አፉ ውስጥ የቀረውን አውጪ፣ እጁን በሳሙና እጠቢ፣ ዓይኑን እንዳያሽ። ፍሬውን በፌስታል ይዘሽ ሐኪም ቤት ሩጪ። እንዲያስመልሰው አታድርጊ።

ሚሚ፦ ወተት ስጪው፣ መርዝ ያረክሳል።

ሲስተር፦ ወተት አያረክሰውም፤ ጊዜ ብቻ ይበላባታል።

የሸዋ ልጅ፦ ለምን ታስደነግጧታላችሁ? አያቴ ጥርሷን ሲያማት ዘሩን ትታጠነው ነበር። መድኃኒት ነው።

ሲስተር፦ ውስጡ ያለውን አትሮፒን እኛም እንሰጣለን፤ ግን ተለክቶ ነው። ሕፃን በእፍኙ ሲወስደው ማን ይለካለታል?

የጎጃሙ፦ እኛ አገር ከብት እንኳ ሽታውን ሸሽቶ ያልፈዋል። ልጅ ግን አፉ የማይሞክረው የለም 😄 አይዞሽ እህቴ፣ ቶሎ ሂጂ።

የሰሚት እናት፦ ምላሱ ላይ ሁለት ዘር አገኘሁ። እየወጣን ነው።

ሚሚ፦ ወተቱን ግን በጡጦ ያዥለት።

ጋሽ አትክልተኛ፦ ስትመለሺ ምንም አትርጪ፣ ጎመንሽ አጠገብ ነው። ጓንት አድርገሽ ከነሥሩ ንቀዪው። ፍሬው ደርቆ አራት ቦታ ሳይሰነጠቅ ይሁን፤ ዘሩ ከተበተነ አፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያል። የወደቀውንም ልቀሚ፤ አታቃጥዪው፣ ጭሱም መርዝ ነው። እዚያ መደብ ላይ ያለውን ጎመን ስትቀጥፊ ቅጠል በቅጠል እዪው፤ ለጋው አስተናግር ይቀላቀላል።

ሲስተር፦ እህቴ፣ ደረሳችሁ? ምን አሏችሁ?

ሲስተር፦ ሲመችሽ አንድ ቃል ጻፊልን።