ክርክር፦ ይህን ሁሉ ምስጢር የያዘ ሰው ወደ ፓሪስ መመለስ ነበረበት?

መነሻ (ቀኖቹ በፈረንጅ ናቸው)፦ ፎረስት ዮ-ቶማስ የእንግሊዝ አየር ኃይል መኮንን ነበር። ዋና ሥራው ግን በጀርመን የተያዘችው ፈረንሳይ ውስጥ ያሉትን አርበኞች በስውር መርዳት ነው። ሁለት ጊዜ ገብቶ ወጥቷል። በፌብሩዋሪ 1944 መጀመሪያ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል ፊት ቀርቦ ለአርበኞቹ ተጨማሪ አውሮፕላን ጠየቀ። በዚያው ወር ጓደኛው፣ ከፈረንሳይ አርበኞች መሪዎች አንዱ የሆነው ፒየር ብሮሶሌት፣ ተያዘ። ሊያስፈታው በጃንጥላ ወረደ። ማርች 21 ፓሪስ ውስጥ ፓሲ በሚባለው የሜትሮ ባቡር ጣቢያ እሱም ተያዘ። መሄዱ ልክ ነበር?

ዋርካ ሥር፦ አልነበረም። ጀግንነቱን አልክድም። ግን የስንቱን ሰው ስም፣ የስንቱን መገናኛ ቦታ ያውቃል! እንዲህ ያለ ሰው ቢሮ ነው የሚቀመጠው።

ሠላሳ ዘጠኝ፦ ብሮሶሌትስ ያንኑ አያውቅም? ፀጉሩ ላይ ሁሉም የሚለይበት ነጭ ዘለላ ነበረው። ቀለም ተቀብቶ ነው የተያዘው። እስር ቤት ፀጉሩ ሲያድግ ነጩ ብቅ ይላላ! ያኔ ጀርመኖቹ ማን እጃቸው እንደገባ ያውቃሉ። ዮ-ቶማስ ለንደን ተቀምጦ ቀን ይቁጠር?

ዋርካ ሥር፦ ሄዶስ ምን አመጣ? እሱ በተያዘ ማግስት ብሮሶሌት ፓሪስ አቬኑ ፎሽ ከነበረው የጀርመኖች ምርመራ ቤት በመስኮት ዘሎ ሞተ።

የውስጥ አርበኛ ልጅ ልጅ፦ አያቴ በጣልያን ጊዜ የውስጥ አርበኛ ነበሩ። ወረቀት ብቻ ሲመጣላቸው አያምኑም ነበር ይባላል። ከጫካ የመጣውን ሰው ዓይኑን ሲያዩ ነው ልባቸው የሚረጋ። ዮ-ቶማስስ ቸርችል ፊት የተደመጠው ለምን ይመስላችኋል? እዚያው ከሰዎቹ ጋር ስለነበረ ነው። ቢሮ ቢያስቀምጡት ማን ይሰማው ነበር?

ሠላሳ ዘጠኝ፦ ደግሞ አልተናገረም። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ደፈቁት፣ ደበደቡት። ኬኔት ዶድኪን የሚባል የአየር ኃይል መኮንን ነኝ ብሎ ድርቅ አለ። ቡኸንቫልድ የሚባለው የጀርመን እስረኞች ካምፕ አብረውት ከተወሰዱት ስውር ወኪሎች አብዛኞቹ ተገደሉ። እሱና ሁለት ሌሎች በታይፈስ የሞቱ እስረኞችን ስም ወስደው ተረፉ። አንዱ ስቴፋን ሄሰል ነው፤ በኋላ ዲፕሎማት የሆነው። ዮ-ቶማስ በአፕሪል 1945 አመለጠ፣ በ1946 የጆርጅ መስቀል የሚባለውን የእንግሊዝ የጀግንነት ኒሻን ተሸለመ።

ዋርካ ሥር፦ እንደማይናገር አስቀድሞ ማን አወቀ? እሱን ራሱን ያስያዘው እኮ ሌላ ሰው ተይዞ መናገሩ ነው። አለቆቹ ቁማር ተጫወቱ፣ ወጣላቸው።

ሠላሳ ዘጠኝ፦ እሺ፣ አንተ ብትሆን ማንን ትልክ ነበር? ከጦርነቱ በፊት ፓሪስ ፋሽን ቤት የሠራ፣ ፈረንሳይኛው እንደ አገሬው የሆነ፣ ብሮሶሌትን በቅርብ የሚያውቅ ሌላ ሰው አምጣ።

ዋርካ ሥር፦ እሱን እንኳ የለኝም። ግን ወደ ፓሪስ እንመልሰዋለን ካሉ፣ ቸርችል ጋር ባላስገቡት ነበር። ወይ ያ፣ ወይ ይሄ።