ኢኤስፒ32 ሪሌ ሲሰካበት አይነሳም፣ የሮቶው ስዊች ደግሞ ዝም ብሎ ይቀያየራል

ሀብ_ኤሌክትሮ
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ሮቶው ሲጎድል ፓምፑን ራሱ እንዲያበራ ሲሞላ እንዲያጠፋ በኢኤስፒ32 (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ ቦርድ) እየሰራሁ ነው፣ ፍሎት ስዊቹን (ከውሃው ጋር ከፍና ዝቅ እያለ የሚከፈትና የሚዘጋውን) ፒን 34 እና ግራውንድ ላይ አስሬ ኮዱ ላይ ኢንፑት ፑልአፕ (ስዊቹ ክፍት ሲሆን ፒኑን ወደ 3.3 ቮልት የሚስብ) ብዬዋለሁ፣ ሪሌው ደግሞ (ፓምፑን በፒኑ ትዕዛዝ የሚያበራው ስዊች፣ ያ ሰማያዊው ባለ 5 ቮልት ሞጁል) ፒን 12 ላይ ነው። አሁን ስዊቹ ሳይነካ ሲሪያል ሞኒተሩ (ቦርዱ የሚልከውን ኮምፒውተር ላይ የሚያሳየው መስኮት) ላይ 0 1 0 0 1 እያለ ይዘላል፣ እጄን ወደ ሽቦው ሳስጠጋማ ይብሳል። ሪሌው ተሰክቶ ካለ ደግሞ ቦርዱ ጭራሽ አይነሳም፣ ፍላሽ ሪድ ኤረር (ኮዱ ያለበትን ሜሞሪ ማንበብ አልቻልኩም) እያለ ይደጋግማል፣ ስነቅለው ወዲያው ይነሳል። ቦርዱ ተበላሽቶ ነው ወይስ ፓወር አንሶት?

ሽቦና_ኮድ
ቦርድህ ደህና ነው ወንድሜ አዲስ እንዳትገዛ። ከ34 እስከ 39 ያሉት ፒኖች ኢንፑት ብቻ ናቸው፣ ውስጣቸውም ፑልአፕ የሚባል ነገር የለም፣ ኮዱ ላይ ብትጽፈውም የሚመጣ ለውጥ የለም። ስዊቹ ክፍት ሲሆን ፒኑ ከምንም ጋር ስላልተያያዘ የእጅህንም የግድግዳውን የመብራት መስመርም ኖይዝ (የማይፈለግ ሲግናል) ይለቅማል። ወደ 33 አዛውረው፣ እሱ የውስጥ ፑልአፕ አለው። ግን የውስጡ 45 ኪሎ ኦም አካባቢ ስለሆነ ደካማ ነው፣ ሽቦህ ጣራ ድረስ የሚሄድ ከሆነ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከፒኑ ወደ 3.3 ቮልት ጨምርበት፣ እኔ ሁሌም እጨምራለሁ።

የፒን 12ቱ ችግር ሌላ ነው። ቺፑ ሪሴት ሲሆን ኮድህ ገና ሳይጀምር እንዴት እንደሚነሳ ለመወሰን ፒን 0፣ 2፣ 5፣ 12 እና 15ን ያነባል። 12ን ሃይ (ቮልቴጅ ያለው) ሆኖ ካገኘው ለፍላሹ 1.8 ቮልት ነው የሚሰጠው፣ እነዚህ ቦርዶች ላይ ያለው ፍላሽ ደግሞ በብዛት 3.3 ነው የሚፈልገው፣ ስለዚህ ማንበብ ያቅተዋል። ሪሌ ሞጁልህ ሎው ሲሆን የሚበራው ዓይነት ከሆነ ከ5 ቮልቱ በኦፕቶው (ሲግናሉን በብርሃን የሚያሳልፈው ክፍል) በኩል ፒኑን ወደ ላይ ይስበዋል፣ ስትነቅለው የሚነሳውም ለዚህ ነው። 25፣ 26 ወይ 27 ላይ አድርገው።

ማይክሮ_ልጅ
እሱ ያለው ትክክል ነው፣ አንድ ልጨምር፣ የኢኤስፒ32 ፒን ለ3.3 ቮልት የተሰራ ነው፣ 5 ቮልት አትመልስበት። ሞጁልህ ላይ ጄዲ-ቪሲሲ (የሪሌው ኮይል ፓወር) የሚል ጃምፐር (ሁለት ፒን የሚያገናኝ ተነቃይ ቁራጭ) ካለው ንቀለውና ቪሲሲውን ከ3.3 ጄዲ-ቪሲሲውን ከ5 ቮልት ስጠው። ጃምፐሩ እንዳለ ከተውከው ፒኑ ሃይ ሆኖም ሪሌው በደንብ ላይጠፋ ይችላል፣ ፓምፕ ላይ ደግሞ ይሄ ውሃ ማፍሰስ ነው።

ሀብ_ኤሌክትሮ
እናመሰግናለን ወንድሞች! ወደ 33 እና 26 አዛወርኩት፣ ሪሌው እንደተሰካ ይነሳል፣ ስዊቹም ረግቷል። ከ6 እስከ 11 ያሉት ባዶ ናቸውና የታችኛውን ታንከር ስዊች እዛ ባደርገውስ?

ሽቦና_ኮድ
እነሱን እንዳትነካ፣ ባዶ ይመስላሉ እንጂ ውስጥ ለውስጥ ከፍላሹ ጋር የተያያዙ ናቸው፣ ኮድህ የሚነበበው በነሱ ነው። 32 ይሻልሃል። ፓምፑን ደግሞ በቀጥታ በዚች ሪሌ አታስነሳው፣ 10 አምፔር ቢጻፍባትም ሞተር ሲነሳ የሚስበው ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ስለሆነ ኮንታክቷ ይጣበቅና ፓምፑ ሳይጠፋ ያድራል። ባለ 220 ቮልት ኮይል ኮንታክተር (ለሞተር የሚሆን ትልቅ ሪሌ) ግዛና ሪሌዋ ኮይሉን ብቻ ታብራው።