የአረጋውያን የስኑከር ውድድር፦ ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርብ ረቂቅ

የማኅበሩ ጸሐፊ

ባለፈው ወር ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ አንድ አባት «እኛ የምንገናኘው ሰው ሲሞት ብቻ ሆነ እኮ» አሉ። መልስ የሰጣቸው አልነበረም። ስንወጣ ግን በር ላይ ሁለት ሰዎች ስለ ስኑከር፣ ኳስ በዱላ እየመቱ ጠረጴዛው ቀዳዳ ውስጥ ስለሚያስገቡበት ጨዋታ፣ ሲከራከሩ ሰማሁ፤ ሐሳቡ የተወለደው እዚያ ነው። ለንደን ውስጥ ለምትኖሩ በዕድሜ የገፋችሁ አባሎቻችን የአንድ ቀን ውድድር እናዘጋጅ። ለጉባኤው አንድ ገጽ ማቅረብ ስላለብን በመነሻነት ይህን ጽፌያለሁ፦ 16 ተጫዋቾች፣ አራት ጠረጴዛ፣ ዕድሜ ከ60 ዓመት ጀምሮ፣ ጥሎ ማለፍ፣ ከሦስት ፍሬም (አንዱ ፍሬም አንድ ሙሉ ጨዋታ ነው) ሁለት ያሸነፈ ያልፋል። ጥሪው «ለአባቶቻችን በሙሉ» ይላል። አርሙልኝ።

አባል፣ ከቶተንሃም

ልጄ፣ ድካምሽን እግዚአብሔር ይቁጠርልሽ። ጥሎ ማለፉን ግን ጥለሽው እለፊ። 16 ሰው ጥሎ ማለፍ ሲጫወት ስምንቱ ከመጀመሪያው ግጥሚያ በኋላ ተሰናባች ነው። ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ የመጣ የ72 ዓመት ሰው ረፋዱ ላይ ተሸንፎ ኮቱን ሲለብስ ይታይሽ። ቤቱ የሚጠብቀው ቴሌቪዥን ነው። አራት ምድብ ይሁን፣ በየምድቡ አራት ሰው፤ ማንም ይሁን ማን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይጫወታል፣ በመሐሉም ተቀምጦ ቡናውን ይጠጣል። የመጣነው ለዋንጫ ነው የሚል ካለ እጁን ያውጣ።

ገንዘብ ያዥ

ጋሼ ያሉት ልብ ያሞቃል፤ ሰዓቱን ግን አስልቼዋለሁ። ጥሎ ማለፉ በጠቅላላው 15 ግጥሚያ ነው። ምድብ ስናደርገው በየምድቡ ስድስት፣ በአራቱ 24፣ ከግማሽ ፍጻሜና ከፍጻሜ ጋር 27 ይሆናል። እኛ ደግሞ አንድ ፍሬም ለመጨረስ አርባ ደቂቃ ይፈጅብናል፤ የመጨረሻዋን ጥቁር ኳስ ብቻ ሩብ ሰዓት ስናባርር አይቻለሁ። ከሦስት ሁለት ያሸነፈ ከተባለ አንዱ ግጥሚያ እስከ ሁለት ሰዓት ይሄዳል። ስድስቱን በአንድ ጠረጴዛ ካጫወትን 12 ሰዓት ነው። ፍጻሜውን በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ልናየው ነው።

አባል፣ ከብሪክስተን

መውጫው ስድስት ቀይ፣ በስድስት ቀይ ኳስ ብቻ የሚጫወቱት አጭሩ ስኑከር ነው። በመደበኛው ጨዋታ 15 ቀይ ኳስ ስላለ ሙሉው ነጥብ 147 ይደርሳል። በስድስት ቀይ ጣሪያው 75 ነው፤ ከቀይ ሌላ ያሉትን ስድስት ባለ ቀለም ኳሶች ማስገባቱ ግን አይቀርም። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ በባንኮክ የዓለም ሻምፒዮና ሲካሄድበት ኖሯል። እኛ አንዱን ፍሬም በሃያ ደቂቃ እንጨርሰዋለን። በምድብ ጨዋታ እያንዳንዱ ግጥሚያ ሁለት ፍሬም ብቻ ይሁን፤ አንድ ለአንድ ከሆነ እኩል ለእኩል ተብሎ ነጥብ ይካፈሉ። አርባ ደቂቃ ሲባዛ በስድስት አራት ሰዓት ነው። ግማሹን ተጫውቶ ግማሹን ማረፍ ደግሞ ለጉልበታችን ጥሩ ነው።

አባል፣ ከቶተንሃም

ስድስት ቀይ ለእኔ ሽሮ ያለ በርበሬ ነው። ሆኖም ለሰዓቱ ስል እቀበላለሁ፤ ግማሽ ፍጻሜውና ፍጻሜው ግን በ15 ቀይ ካልሆነ ስሜን አውጡ።

አባል፣ ከክሮይደን

እኔ 57 ዓመቴ ነው። በሸፊልድ የሚካሄደው የዓለም የአንጋፎች ሻምፒዮና ከ40 ዓመት ጀምሮ ይቀበላል። እዚህ 60 የሆነው በምን ሕግ ነው?

አባል፣ ከብሪክስተን

ወንድሜ፣ በ40 ዓመቱ አንጋፋ የሚባለው ኑሮው ስኑከር የሆነ ሰው ነው። ጂሚ ዋይት በ2023 አራተኛ ዋንጫውን ሲወስድ 61 ዓመቱ ነበር፤ ከአርባ ዓመት በላይ ሙያተኛ ሆኖ የኖረ ሰው ነው። የእኛ ጉዳይ ሌላ ነው። ዕድሜውን ዝቅ ካደረግነው በሳምንት ሦስት ማታ የሚለማመዱት ጎረምሶች፣ አንተን ጨምሮ፣ ጠረግ አድርጋችሁን ትሄዳላችሁ። ከ55 እስከ 59 ያላችሁ ዳኛና ነጥብ መዝጋቢ ሁኑልን። ሰው ከቀረም ተተኪ ትሆናላችሁ። ለዳኛ ነጭ ጓንት እንገዛለን።

አባል፣ ከሉዊሻም

«ለአባቶቻችን በሙሉ» የሚለውን ሳነብ የእናቶች ስም የት እንደሚመጣ ገመትኩ፤ እንደ ልማዳችን ከምግቡ ጋር። እኔ 63 ዓመቴ ነው፤ ከጡረታ ወዲህ ከእንግሊዛዊት ጎረቤቴ ጋር በየሐሙሱ እጫወታለሁ። የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና የተጀመረው በ1976 ነው፤ የመጀመሪያዋ አሸናፊ ቬራ ሰልቢ በ1981 ዳግመኛ ስታሸንፍ 51 ዓመቷ ነበር። ለብቻችን ምድብ አልጠየቅኩም። እዚያው ከእናንተው ጋር መድቡኝ፤ ወጡን ደግሞ በየተራ እንሠራለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ

እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ «አባቶችና እናቶች» ተብሎ ተስተካክሏል። የወጡን ተራ የሚቃወም ካለ ዛሬውኑ ይናገር።

ገንዘብ ያዥ

የአቅም ልዩነቱስ? ጋሼን የመሰለ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በክለብ የተጫወተ ሰው አምና ዱላ ከያዘ ሰው ጋር ሲገጥም ጨዋታ አይባልም። የዚህ አገር ክለቦች ለደካማው በየፍሬሙ መነሻ ነጥብ ያስቀድሙለታል። በ75 ነጥብ ጨዋታ ከ20 ባይበልጥ እላለሁ። ችግሩ ሌላ ነው፤ ነጥብ ይሰጣል ከተባለበት ደቂቃ ጀምሮ ማኅበራችን ውስጥ ትሕትና እንደ ጎርፍ ይሞላል። «እኔ ምን አውቃለሁ»፣ «ዓይኔም ደክሟል» የማይል ሰው አይገኝም። ስለዚህ አቅምን ራሱ ተጫዋቹ አይመስክር፤ ሁላችንንም ያዩን ሦስት ሰዎች ይወስኑ፣ ከመጀመሪያው ግጥሚያ በኋላም እንዲያርሙት ይፈቀድላቸው።

አባል፣ ከኢስሊንግተን

ስለ ዓይን ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር፤ መነጽር ቤት ውስጥ ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። ብዙ አረጋውያን «እጄ ከዳኝ» የሚሉት እጃቸው ሳይሆን መነጽራቸው ነው። ተጫዋች አጎንብሶ አገጩን ዱላው ላይ ሲያስጠጋ የሚያየው በመስታወቱ የላይኛው ጠርዝ ነው፤ አንዳንዴም ከክፈፉ በላይ። ቅርብና ሩቅ በአንድ ላይ የተሠራበት መነጽር ደግሞ ጠርዙ ላይ ያዛባል። ኳሷ 52.5 ሚሊ ሜትር ናት፤ ከሦስት ሜትር ተኩል ርቀት ጫፏ ከደበዘዘ አለቀ። ዴኒስ ቴይለር በ1985 የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ በመጨረሻዋ ጥቁር ኳስ ስቲቭ ዴቪስን 18 ለ 17 ሲያሸንፍ አድርጎት የነበረውን ግዙፍ መነጽር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ሰው ሳቀበት እንጂ መስታወቱ ከፍ ብሎ የተሠራው ለዚሁ ነበር፤ ሲያጎነብስ በመሐሉ እንዲያይ። እንዲህ ያለ መነጽር ግዙ አልልም። ከውድድሩ ሁለት ሳምንት በፊት አንድ የልምምድ ቀን ይያዝልን፤ ያላችሁን መነጽር ሁሉ ይዛችሁ ኑ፣ የትኛው እንደሚሻል አጎንብሳችሁ አብረን እናያለን። ለሩቅ ብቻ የተሠራው አሮጌው መነጽር ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ይበልጣል።

አባል፣ ከካምደን

ቀኑን እንወስን። ጽጌ ወጥቶ የነቢያት ጾም ሳይገባ፣ ከኅዳር 6 እስከ 14 ባለው ቅዳሜ ቢሆን ለጿሚውም ለሌላውም ምግቡ አንድ ይሆናል። እኛ ሙስሊሞቹ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ምሳው ከዙህር ሶላት ጋር ይግጠም። የኅዳር ቀን እዚህ አጭር ስለሆነ የአስር ሶላትም ወዲያው ይከተላልና ከክለቡ አንድ ጸጥ ያለ ጥግ ይጠየቅልን። ሲመሽ ደግሞ ማንም አረጋዊ ብቻውን እንዳይሄድ።

የማኅበሩ ጸሐፊ

ቅዳሜ መሆኑ ለመጓጓዣም ይበጃል፤ የአረጋውያኑ ነጻ የጉዞ ካርድ ከጠዋት ጀምሮ ይሠራል። ሰዓቱን ግን በሁለቱም አቆጣጠር እጽፋለሁ። ባለፈው «4 ሰዓት» ብለን ጠርተን በፈረንጅ አራት ሰዓት፣ ምሳው ተነሥቶ አዳራሹ ሲጠረግ የደረሱ ነበሩ።

አዳራሹን በተመለከተ አንድ ሰው ሄዶ ደረጃውን ይቁጠር። ጠረጴዛዎቹ ሰፊ ቦታ ስለሚፈልጉ ከሱቅ በላይ ወይም ምድር ቤት የሚገኙ ክለቦች ብዙ ናቸው፤ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ውድድሩ ደረጃው ላይ ያበቃል። ምግብ ይዞ መግባት የሚፈቀድ መሆኑንም በጽሑፍ እናረጋግጥ። አንድ ጊዜ ሙሉ ድስት ይዘን ከአንድ አዳራሽ ደጅ መመለሳችንን አልረሳሁም።

አባል፣ ከቶተንሃም

ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ አንድ እግር መሬት መንካት አለበት የሚለው ሕግ ይከበር፤ ጠረጴዛ ላይ የሚወጣ ሽማግሌ ማንሣት አልችልም። በምትኩ ሩቅ ኳስ ለመምታት ዱላው የሚያርፍበት ረዥሙ ማስደገፊያ በየጠረጴዛው ይኑር፣ ተጋጣሚም ያቀብል። ሁለተኛ፣ ውርርድ አይኑር። የአሥር ፓውንድ ጨዋታ የሃያ ዓመት ወዳጅነት ሲያፈርስ አይቻለሁ።

ገንዘብ ያዥ

ሽልማቱም ገንዘብ አይሁን። መመዝገቢያው በሰው 10 ፓውንድ ቢሆን ከ16 ሰው 160 ይሰበሰባል፤ ለምግብና ለሽልማት ይውላል። የጠረጴዛ ኪራዩን ማኅበሩ ይሸፍን፤ ጉባኤው የሚጠየቀው ይህንኑ ብቻ ነው።

አባል፣ ከሉዊሻም

እኅቴ በጥቅምት ከአዲስ አበባ ትመለሳለች። ጥሩ ጋቢ ታምጣ፤ አሸናፊው ይልበሰው። ዋንጫማ አቧራ ነው የሚጠጣው።

የማኅበሩ ጸሐፊ

እንግዲህ የተስማማንበትን ጽፌዋለሁ። ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆነ 16 አባቶችና እናቶች፤ አራት ምድብ፣ ስድስት ቀይ፣ በግጥሚያ ሁለት ፍሬም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ በፈረንጅ 10፣ ይጀመራል፤ በየጠረጴዛው አራት ግጥሚያ ካለቀ በኋላ 6 ሰዓት ከ40፣ በፈረንጅ 12 ከ40፣ ላይ ምሳና ሶላት። የየምድቡ አንደኛ ለግማሽ ፍጻሜ ያልፋል፤ ከዚያ ወዲህ 15 ቀይ፣ አንድ ፍሬም፣ በ45 ደቂቃ የመራ ያሸንፋል። ፍጻሜው ከ10 ሰዓት ተኩል፣ በፈረንጅ ከ4 ተኩል፣ አያልፍም፤ መኪና ያላቸው አባላት አረጋውያኑን ወደየቤታቸው ያደርሳሉ። መነሻ ነጥብ እስከ 20፣ ወሳኞቹ ሦስት ሰዎች፤ ስማቸው ገና ነው፤ ፈቃደኛ እንዳይጠፋ እሰጋለሁ። የልምምዱ ቀን ተይዟል። ሽልማቱ ጋቢ ነው። እስከ ዓርብ ማታ ተቃውሞ ካልመጣ ለጉባኤው ይገባል።

አባል፣ ከቶተንሃም

የ45 ደቂቃው ነገር አልጣመኝም፤ ግን ፈርሜያለሁ።

አባል፣ ከክሮይደን

ጓንቱ ትልቁ ቁጥር ይሁን።