ኬንያ ገንዘቧን በሰባቱ ላይ ታውል ወይስ በአስራ አምስቱ?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው። ኬንያ ሁለት የወንዶች ራግቢ ብሔራዊ ቡድን አላት፤ አንዱ በ7 ተጫዋች፣ ሌላው በ15 ተጫዋች የሚጫወት። የ7ቱ ቡድን «ሹጃ» ይባላል፤ በስዋሂሊ ጀግና ማለት ነው። የ15ቱ ደግሞ «ሲምባ»፣ አንበሳ። ካዝናው ግን አንድ ነው፣ እሱም የሳሳ። ገንዘቡ መጀመሪያ ለማን ይድረስ? ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉ። ስድብ ክልክል ነው፤ ባለፈው የተባረረው ሰው ይበቃናል።

ባለ ሰባቱ፦ ይሄ ደግሞ ያከራክራል እንዴ? ሚያዝያ 2016፣ ሲንጋፖር። ፍጻሜው ላይ ፊጂ ናት፤ ከአራት ወር በኋላ ሪዮ ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ የወሰደችው ያቺው ፊጂ። ኬንያ 30 ለ 7 አሸነፈቻት። የ15ቱ ቡድን ይሄን የሚያክል ምን አለው? አንድም ጊዜ ዓለም ዋንጫ አልገባም።

ቆጣሪ፦ አንድ ዋንጫ! በዓለም ተከታታይ ውድድር፣ ማለትም በየአገሩ እየዞረ በሚካሄደው የ7ቱ ዓመታዊ ውድድር፣ ያነሳችው ያንን ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ሪዮ ላይ 11ኛ ወጣች። ቶኪዮ 9ኛ፣ ፓሪስም 9ኛ። የሚወዳደሩት 12 ቡድኖች መሆናቸውን አትርሳ። በ2023 ደግሞ ለንደን ላይ በካናዳ 12 ለ 7 ተሸንፋ ከዚሁ ተከታታይ ውድድር ዋናው ምድብ ወረደች። የአንድ ቅዳሜና እሁድ ትዝታ ይዘን እስከ መቼ?

ባለ ሰባቱ፦ ቆጣሪ ወንድሜ፣ የጎደለውን ብቻ ነው የምትቆጥረው። በ7ቱ ዓለም ዋንጫ ላይ ሁለት ጊዜ ግማሽ ፍጻሜ ደርሳለች፣ በ2009 ዱባይ፣ በ2013 ሞስኮ። የ2012/13ን የውድድር ዘመን 5ኛ ሆና ጨርሳለች። ኮሊንስ ኢንጄራ በዓለም ተከታታይ ውድድር 279 ትራይ (ኳሷን ከተጋጣሚ የጎል መስመር ባሻገር መሬት ማስነካት፣ 5 ነጥብ) አግብቷል። ወንድሙ ሀምፍሬይ ካያንጌ የዓለም ራግቢ የክብር መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

ደግሞ ጨዋታውን እንወቀው። ሜዳው የ15ቱ ሜዳ ነው፣ ምንም አልተቀነሰለትም። ሰዉ ግን 7 ነው። 7 ደቂቃ፣ ትንሽ እረፍት፣ 7 ደቂቃ፣ አለቀ። ያገባው ቡድን ነው መልሶ ኳሷን የሚመታው። ስለዚህ ከተገባብህ በኋላ ኳሷ በአየር ወደ አንተ ትመጣለች። ዘለህ ካልያዝካት እንደገና ይገባብሃል። ሁለቴ ካመለጠችህ ጎል ምቱን ጨምሮ 14 ነጥብ ሄደ፣ ገና ላብህ እንኳ አልወጣም። እንዲህ ባለ ጨዋታ በ9ኛና በ4ኛ መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ የአንድ ሰው ጣት ነው።

ባለ አስራ አምስቱ፦ ጣት ነው ካልክ ለምን ገንዘብ ታፈስበታለህ? እኔ የምለው ሌላ ነው። የሹጃ ልጆች ከየት መጡ? ከትምህርት ቤትና ከክለብ፣ ከ15ቱ ጨዋታ። ምንጩ ከደረቀ ሰባቱንም አታገኝም። ሐምሌ 2025 ካምፓላ ላይ ዚምባብዌ ናሚቢያን 30 ለ 28 አሸንፋ ለ2027ቱ ዓለም ዋንጫ አለፈች፤ ከ1991 ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ዚምባብዌ ከቻለች ኬንያ ምን ያንሳታል?

ቆጣሪ፦ በ2022 ዱባይ ላይ በፖርቱጋል 85 ለ 0። ይሄ ያንሳታል።

ባለ አስራ አምስቱ፦ እሱን ታነሳለህ ብዬ ጠብቄ ነበር። ያልተቀለበ ቡድን 85 ይገባበታል፣ ምን ይደረግ።

ሒሳብ ያዥ፦ ሁላችሁም የኳስ ሰው ናችሁ፣ እኔ ደሞዝ ከፋይ ነኝ። የ2017/18ን ዘመን ተመልከቱ። ሹጃ ቫንኩቨርና ሆንግ ኮንግ ላይ ፍጻሜ ደረሰ፤ ሁለቱንም በፊጂ ተሸነፈ፣ ግን ደረሰ። መጨረሻው ምን ሆነ? ሰኔ 2018፣ ፓሪስ። ልጆቹ ማልያቸው ላይ ያለውን የስፖንሰር ጽሑፍ ሸፍነው ሜዳ ገቡ። አበላችን አልተከፈለም ብለው ነው። ካሜራው ደረታቸውን ሲያሳይ ተመልካቹ የሚያየው ያ መሸፈኛ ነው። እስቲ እናንተ ስፖንሰር ብትሆኑ በሚቀጥለው ዓመት ትመለሳላችሁ? ጥሩ ዘመን በመጣ ቁጥር እንዲህ በገንዘብ ጭቅጭቅ ይበላሻል። ለሰባቱ ይሁን ለአስራ አምስቱ ከማለታችን በፊት በወሩ የሚከፍል አለ ወይ?

ባለ ሰባቱ፦ እውነትሽን ነው እህቴ። ግን በዚያ ሁሉ መሐል እንኳ በ2023 ሐራሬ ላይ ደቡብ አፍሪካን 17 ለ 12 አሸንፈው ለኦሎምፒክ አለፉ። በወረዱበት ዓመት!

ቆጣሪ፦ ጥሩ አመጣኸው። ያቺው ደቡብ አፍሪካ በሌላ ማጣሪያ ዞራ ገብታ ፓሪስ ላይ ነሐስ ወሰደች። ያሸነፈቻት ኬንያ 9ኛ። እስቲ ይሄን አስረዳኝ።

ሒሳብ ያዥ፦ እኔ ላስረዳህ። ከሐራሬ እስከ ፓሪስ አስር ወር ነው። በእነዚያ ወራት ደቡብ አፍሪካ በዋናው ምድብ ከፊጂና ከኒውዚላንድ ጋር ስትጋጠም ነበር። ኬንያ ግን በታችኛው ምድብ ዱባይ፣ ሞንቴቪዴዮ፣ ሙኒክ ስትዞር ከረመች። ማድሪድ ላይ ጀርመንን 33 ለ 15 አሸንፋ ወደ ላይ ስትመለስ ኦሎምፒኩ ሁለት ወር እንኳ አልቀረውም። የመውረድ ዋጋ ይሄ ነው። በ2025/26 ደግሞ ዋናው ምድብ ወደ 8 ቡድን ጠበበ፣ ኬንያም ውጭ ቀረች። ከ12 ውስጥ መግባት ሌላ፣ ከ8 ውስጥ መግባት ሌላ። ስለዚህ ድምፄ ለሰባቱ ነው፣ ግን በቅድመ ሁኔታ፦ ለ20 ልጆች የዓመት ውል ይፈረም፣ የመጀመሪያው ስድስት ወር ክፍያም ባንክ ይቀመጥ። ያ ካልሆነ አውሮፕላን አይሳፈሩ።

ባለ አስራ አምስቱ፦ አውሮፕላን ካልተሳፈሩ ቅጣቱስ?

ሒሳብ ያዥ፦ ቅጣቱን ውሉን ያልፈረመው ይክፈል።

ቆጣሪ፦ እሺ፣ በዚህ እስማማለሁ። ሐራሬንም ሰጥቻችኋለሁ። ሲንጋፖርን ግን ነገ እንደገና ብታነሱብኝ እኔም 85 ለ 0ን አነሳለሁ።

ባለ አስራ አምስቱ፦ እሱ እኮ የኔ ቡድን ነው! ከሰባቱ ጋር ምን አገናኘው?

አወያይ፦ ድምፅ መስጠቱ እስከ ነገ ማታ ክፍት ነው። ቆጣሪ፣ ሁለት ጊዜ ሰጥተሃል፤ አንዱን ሰርዘው።