ከ40 ፓኬት አንድ ሲጎድል ሁሉንም እንደገና መላክ ባትሪ ጨረሰብኝ፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፣ ከመርዓዊ

ጤና ይስጥልኝ። ወደ ቆጋ በሚወርዱ ሦስት ጅረቶች ላይ የውሃ ከፍታ የሚለኩ መሣሪያዎች ተክያለሁ። እያንዳንዱ በየአምስት ደቂቃው ይለካል፣ ይመዘግባል፣ በሎራ ሬዲዮ (በትንሽ ኃይል ሩቅ በሚደርስ ሬዲዮ) ከተማ ውስጥ ጣራ ላይ ወዳለው ጌትዌይ፣ ማለት ወደ ተቀባዩ ጣቢያ፣ ይልካል። ርቀቱ ሦስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። መሀሉ ግን ባሕር ዛፍ ነው፤ ሜጫን የምታውቁ ባሕር ዛፉን ታውቁታላችሁ።

መብራት ካለ ደህና ነው። መብራት ጠፍቶ ጌትዌዩ ሲዘጋ ግን ልኬቱ መሣሪያው ውስጥ ይከማቻል። መብራት ሲመጣ ጌትዌዩ «አለሁ» የሚል ጥሪ ያሰማል፣ መሣሪያዎቹም ሲሰሙት ያጠራቀሙትን መላክ ይጀምራሉ። ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን ተኩል ጠፍቶ ነበር። ከአንዱ መሣሪያ ብቻ አንድ ሺህ ልኬት፣ በአንድ ፓኬት (በአንዴ በሚላክ እሽግ) 25 እየገባ፣ 40 ፓኬት። ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። 40ውን አከታትሎ ይልካል፤ ጌትዌዩ መጨረሻ ላይ ያመሳክርና አንድ እንኳ ከጎደለ «አልደረሰም» ይላል፤ መሣሪያው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ሲል አድሮ ጠዋት ስደርስ ባትሪው አልቋል። በዚህ ክረምት ደግሞ ሶላሩ እስኪሞላው ሁለት ቀን ፈጀ።

ውሃው የሞላው በእነዚያ ሁለት ቀናት ነው። የአንድ አባት የድንች ማሳ ዳሩን ውሃ ወሰደው። «ልጄ፣ እስከ የት ደረሰ?» ሲሉኝ የማሳያቸው ቁጥር አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከልቤ አልወጣም።

500 የሙከራ ፓኬት ልኬ 448 ደረሱ፤ ከመቶ አሥር ገደማ ይጠፋል ማለት ነው። የሬዲዮውን ኃይል ልጨምር ወይስ አላላኩን ልቀይር?

መልስ፣ ከዳንግላ

እህቴ፣ የሚበላብሽ ዝናቡ ነው። ኃይሉን ከፍ አድርጊው፤ አንቴናውንም ረጅም ምሰሶ ላይ አውጪው።

መልስ፣ ከባሕር ዳር

አንቴናውን ከፍ ማድረጉ ልክ ነው። ዝናቡ ግን አይደለም፤ በ868 ሜጋኸርዝ የዝናብ ጠብታ የሚቀንሰው ኃይል ከቁጥር አይገባም። ሞገዱን የሚውጠው የረጠበው ቅጠል ነው፤ አንቴናው ከዛፎቹ ራስ በላይ ሲወጣ የሚሻለውም ለዚህ ነው።

ትልቁ ነገር ግን ሒሳቡ ነው። አንድ ፓኬት የመድረስ ዕድሉ 0.9 ከሆነ፣ 40ውም አንድ ሳይጎድል የመድረስ ዕድላቸው 0.9 በራሱ 40 ጊዜ ተባዝቶ ነው፤ 0.015 ይመጣል። ከመቶ ሙከራ አንድ ወይም ሁለት ቢሳካ ነው። በአማካይ 68 ጊዜ ከመጀመሪያው ትልኪያለሽ። ባንቺ የፓኬት መጠን አንዱ አየር ላይ ሁለት ሰከንድ ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ከሆነ፣ ይህ ከሰማንያ ደቂቃ በላይ ያለ ዕረፍት መላክ ነው። የጎደለውን ብቻ ብትደግሚ ግን ከነድጋሚው 45 ፓኬት አይሞላም። አንድ ደቂቃ ተኩል እንኳ አይፈጅም።

ኃይል ጨምረሽ የሚጠፋውን ከመቶ አምስት ብታደርሺው እንኳ በዚህ አላላክ በአማካይ ስምንት ጊዜ ትደጋግሚያለሽ። ኮዱን ቀይሪ።

መልስ፣ ከሞጣ

ልጄ፣ እኔ ኮድ አልጽፍም። ግን 22 ዓመት የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበርኩ። ሞጣ ተቀምጬ በየጠዋቱ የዝናብ መጠን ለደብረ ማርቆስ አነብ ነበር። ጥያቄሽን ልጄ አንብቦልኝ እንዲጽፍልኝ አዘዝኩት።

ዝርዝሩ ከአንድ እስከ ሠላሳ ተራ ቁጥር ነበረው። ክረምት ላይ አየሩ ይንጫጫል፤ መብረቅ ሲመታ ጆሮ የሚሰነጥቅ ድምፅ ይገባና የማነበው ይዋጣል። መጀመሪያ ሰሞን ተቀባዩ «አልተሰማኝም» ሲለኝ ከአንድ ጀምሬ እደግምለት ነበር። በሁለተኛው ንባብ ያኛው ይሰማና ሌላው ይዋጣል። ረፋዱ በዚህ ያልቅ ነበር። አንድ ቀን ከኔ በፊት የነበሩ ሽማግሌ ኦፕሬተር ቆመው ሰሙኝና «አንተ ዝም በል፣ እሱ ይናገር። የጎደለውን የሚያውቀው እሱ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ሠላሳውን ሳልቆም አነባለሁ፣ «ጨረስኩ» እላለሁ፣ ጆሮዬን እሰጣለሁ። እሱ «ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ድገም» ይላል። ሦስቱን ብቻ እደግማለሁ። ኋላ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ወረቀቱን አየሁት። ከጎኑ ቁጥሮቹ አስቀድመው ተጽፈዋል፤ ያልሰማው መስመር ላይ ባዶ ቦታ ትቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ያንቺ ተቀባይ ያን ባዶ ቦታ መተው አልተማረም። አንድ ሲጎድልበት ወረቀቱን ቀዶ ይጥላል።

ደግሞም የሱ «ድገም» ራሱ የሚዋጥበት ጊዜ አለ። ዝምታውን «ደርሶታል» ብዬ ከያዝኩት ጉድ ሆንኩ። ዝም ሲለኝ ዝርዝሩን አልደግምም፤ «የጎደለህን ንገረኝ» ብዬ እጠይቃለሁ። «ሙሉ ነው» ሲል ሳልሰማ ያን ወረቀት ከጠረጴዛዬ አላነሳውም።

መልስ፣ ከባሕር ዳር

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ይህንኑ ኢንተርኔቱም ዘግይቶ ነው የጨመረው። ቲሲፒ (ኢንተርኔቱ ፓኬት መድረሱን የሚያረጋግጥበት ደንብ) በመጀመሪያው አሠራሩ ተቀባዩ ማለት የሚችለው «እስከዚህ ድረስ ሳይቋረጥ ደርሶኛል» ብቻ ነበር። ሰባተኛው ከጠፋ፣ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ በእጁ ቢኖርም የሚናገርበት መንገድ አልነበረውም። «እስከ ስድስት ደርሶኛል፣ ከስምንት እስከ አሥራ አንድም ይዣለሁ» እንዲል ያስቻለው መርጦ የማረጋገጥ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው።

እህቴ፣ ያንቺ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ፓኬት ተራ ቁጥር ስጪው። ጌትዌዩ በየዙሩ መጨረሻ 40 ቢት ይመልስ፤ የደረሰው 1፣ የጎደለው 0። ደረሰኙ በሙሉ አምስት ባይት ነው። ደረሰኙ መንገድ ላይ ቢጠፋም ጉዳት የለውም፤ የሚቀጥለው ደረሰኝ ያለፈውንም ይዞ ይመጣልና። አንድ ፓኬት ሁለቴ ከደረሰ በቁጥሩ ለይቶ ይጣለው፣ ግን ደረሰኙን ደግሞ ይላክ። እሱን ከረሳሽ መሣሪያው ያልደረሰ መስሎት ሲልክ ይኖራል።

አሁን ሳነበው ያየሁት ሌላ ነገር አለ። በኔ ሒሳብ ሰማንያ ደቂቃ ነው፤ አንቺ ጋ ግን ሌሊቱን ሙሉ ፈጅቷል። ጌትዌዩ «አለሁ» ሲል ሦስቱም መሣሪያዎች ባንዴ ይጀምራሉ አይደል? እርስ በርስ እየተጋጩ ነው። ሦስቱም የሚደግሙት እኩል ጊዜ ጠብቀው ከሆነ እንደገና ይጋጫሉ። እ.ኤ.አ. በ1971 የሃዋይ ደሴቶችን በሬዲዮ ያገናኘው አሎሃኔትም መፍትሔው ይኸው ነበር፤ የተጋጨ ላኪ በዘፈቀደ የተለያየ ጊዜ ጠብቆ ይደግማል። አንቺ ግን ሦስት ብቻ ስለሆኑ ጌትዌዩ በየተራ ቢጠራቸው ይቀላል።

መልስ፣ ከደብረ ማርቆስ

ትርፍ ፓኬት መጨመርም ይቻላል። የእድር መዝገብ ላይ የአሥር ሰው መዋጮ ከነድምሩ ተጽፎ አንዱ ስም ፊት ያለው ቁጥር ውሃ ቢነካው፣ ከድምሩ ዘጠኙን ቀንሰሽ ታገኚዋለሽ። ለየአሥሩ ፓኬት አንድ የድምር ፓኬት ብትልኪ አንድ የጎደለ ሳትጠይቂ ይሞላል።

መልስ፣ ከባሕር ዳር

መልሶ መጠየቅ በማይቻልበት ቦታ እሱ ነው የሚያዋጣው። እዚህ ግን 40 ላይ አራት ለመጨመር ነው፤ ድጋሚው ራሱ ያው አራት አምስት ነው። ከአሥራ አንዱ ሁለት ከጠፋም መጠየቁ አይቀርም። እኔ ብሆን እተወዋለሁ።

ጠያቂ፣ ከመርዓዊ

ቀየርኩት። አዎ፣ ሦስቱ ይጋጩ ነበር፤ አሁን በየተራ ይጠራሉ። ጌትዌዩን ሆን ብዬ ሦስት ቀን ተኩል ዘጋሁትና ትናንት ማታ ከፈትኩት። ጋሼ እንዳሉት ስክሪኑ ላይ 40 ባዶ ሳጥን ደርድሬ ፓኬት ሲደርስ እንዲጠቁር አድርጌያለሁ። የመጀመሪያው መሣሪያ ሲልክ ቁጭ ብዬ አየሁት። በመጀመሪያው ዙር 9፣ 22 እና 31 ነጭ ሆነው ቀሩ። በሁለተኛው 31 ብቻ ቀረ። በሦስተኛው ሞላ። ላኪው 44 ፓኬት ብቻ ነው ያወጣው። ዛሬ ጠዋት ሄጄ ባትሪውን ስለካ 3.9 ቮልት ላይ ነው ያደረው። ሌሎቹ ሁለቱም ሞልተዋል።

አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፣ ጋሼ። «የጎደለህን ንገረኝ» ከማለትዎ በፊት ስንት ጊዜ ይጠብቁ ነበር? ደረሰኝ ሲቀር አሁን በየሦስት ሰከንዱ ነው የምጠይቀው።

መልስ፣ ከሞጣ

መጀመሪያ እስከ አሥር እቆጥራለሁ። ካልመለሰ እስከ ሃያ፣ ከዚያ እስከ አርባ። መብረቁ እስኪያልፍ ቶሎ ቶሎ ብጠራው ባትሪ ነበር የሚያልቅብኝ፤ የኛም ሬዲዮ የሚሠራው በመኪና ባትሪ ነበር።